ተረከዜን ይዤ ወደ ሐጂ ሰይድ ምንጭ

ከባሕር ዳር የወጣሁት የግማሽ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ትምህርት ቤት ለዕረፍት በተዘጋ ማግስት፣ ገና ሳይነጋጋ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር። ሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ወዳጄ የብርቱካን እርሻ አላቸው። እርሻው ውስጥ ምንጭ አለ። እዚያ ውሃ ውስጥ ገብቼ ልራመድ ነበር የምሄደው።

ይህን ስናገር የመምህራን ማረፊያ ክፍል በሳቅ ተሞላ። «ጣና ከደጅህ ተኝቶ ውሃ ፍለጋ ወሎ ትወርዳለህ?» አለኝ የሒሳብ መምህሩ። የጣና ዳር ጭቃ ነው፤ ጭቃ እግር ይይዛል፤ ቢልሃርዝያውም አለ። እኔ የምፈልገው ወለሉ የተስተካከለ፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ፣ ይዞኝ የማይሄድ ውሃ ነው። ይህን ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። ያላመመው ሰው አይገባውም።

የሚያመኝ የቀኝ እግሬ ጅማት ነው፤ ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚጣበቀው ወፍራሙ። ዕድሜዬን ሰሌዳ ፊት ቆሜ ጂኦግራፊ ሳስተምር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ በዚያ ላይ በትርፍ ጊዜዬ እሮጥ ነበር። ጅማቱ መጀመሪያ ሲያመኝ ወለምታ መስሎኝ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ታሸሁ፣ ተቀባሁ፣ መርፌ ተወጋሁ። ለጥቂት ጊዜ ይሻለኝና ተመልሶ ይመጣል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ በወስፌ እንደመወጋት ነበረች። ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ ነው አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወደ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ የወሰደችኝ።

«ጅማት ዕረፍት ብቻውን አያድነውም፤ ሥራ ይፈልጋል» አለችን። «ግን መሬት ላይ ሸክሙ ይበዛበታል። ውሃ ደረታችሁ ሲደርስ ሰውነታችሁ ይቀላል፤ ጅማቱም ሳይጎዳ ይሠራል። እየበረታ ሲሄድ ውሃው ወገባችሁ ላይ ይውረድ፣ ከዚያ ጉልበታችሁ ላይ፣ ከዚያ ወደ መሬት።»

«አለችን» ያልኩት ሁለት ስለነበርን ነው። ሁለተኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው።

ሐጂ ሰይድ የመርሳ ሰው ናቸው። ብርቱካንና ፓፓያ እያመረቱ ይሸጣሉ። ባሕር ዳር የመጡት ያኔ እዚያ ትኖር የነበረች ልጃቸው ዘንድ ነው፤ የሚያማቸውም እንደኔው ያው ጅማት ነበር፤ የሳቸው በግራ። መጀመሪያ ቀን ገንዳው ዳር ቆመው ውሃውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሁለታችንም መዋኘት አናውቅም። በመጨረሻ ትከሻዬን ያዙና፣ «መምህር፣ እኔ የቆላ ሰው ነኝ፤ ውሃ ጠጥቼ እንጂ ረግጬ አላውቅም። ብሰምጥ ጥለኸኝ እንዳትወጣ» አሉኝ። ቢስሚላህ ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ወራቱን ሙሉ ጎን ለጎን ተራመድን፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ በጎን። የገንዳውን ጠርዝ ይዘን ተረከዛችንን አነሳን፣ አወረድን። ስኳር ስላለባቸውና እግራቸው ስለሚደነዝዝ ባለሙያዋ ከውሃ በወጡ ቁጥር ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ታይ ነበር፤ በባዶ እግራቸውም እንዳይሄዱ ትቆጣቸዋለች።

ሐጂ ከእኔ ቀድመው ዳኑ። የሆቴሉን ደረጃ ሳያነክሱ ወጥተው፣ ከላይ ሆነው ወደ እኔ ዞረው የሳቁትን ሳቅ አልረሳውም። ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልጃቸውም ከባሏ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ብዙ ሳይቆይ ሆቴሉ እንግዳ ሲያጣ ገንዳውን አደረቀው፤ እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረሁ፤ ሕመሙም ቀስ እያለ ተመለሰ። ይህን በስልክ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? እርሻዬ ላይ ምንጭ አለ። ቆፍሬ፣ አጽድቼ፣ ልክ እንደዚያኛው አድርጌ እሠራልሃለሁ» አሉኝ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ደውለው፣ «ደርሷል፤ ሲመቸህ ና» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን መሰለኝ። ኔትወርኩ ነው አልኩ።

ጋሸና

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ነው የተነሳነው፤ እንዲህ ሲባል ፈጥኖ መነሳት ነው፣ ነገ ምን እንደሚባል አይታወቅምና። ደብረ ታቦርን፣ ንፋስ መውጫን አለፍን። ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ለጅማቴ ጠላቱ ነው፤ እየደረቀ ይሄዳል። ስለዚህ ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር እግሬን ወደላይ ወደታች ሳደርግ ዋልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ጥቂት ታገሡና፣ «ልጄ፣ መኪናውን አንተ ነህ እንዴ የምትነዳው?» አሉኝ።

አንድ ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወርደን በእግራችን እንድናልፍ ታዘዝን። ከሁሉ ኋላ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ወታደሩ አካሄዴን አይቶ፣ «ቆስለህ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ጅማት ነው። የቆየ ነው።»

«በዚህ እግርህ ወዴት ነው?»

«ልታከም።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና መታወቂያዬን መለሰልኝ። «እግዜር ይማርህ። ቀስ ብለህ ሂድ፤ መኪናው ይጠብቅሃል» አለኝ። ደግ ልጅ ነበር።

ጋሸና ላይ ነፋሱ ፊት ይላጫል። ሻይ በዳቦ ቀምሰን ወደ ወልድያ አቀናን። ከድልብ በኋላ መንገዱ ገደሉን ተጣብቆ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ መዞሪያ አየሩ እየሞቀ፣ ጆሮ እየተደፈነ፣ ጋቢ እየተገፈፈ ይኬዳል። ተማሪዎቼን የከፍታና የሙቀትን ግንኙነት በጠመኔ ከማስተምር አንድ ቀን እዚህ ባመጣቸው ስል አሰብኩ። ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ሐጂን ላገኝ ነው።

ወልድያ

ወልድያ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩና ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ በአካል ተያይተን አናውቅም።

«ወልድያ ገብቻለሁ፤ ነገ ጠዋት እደርሳለሁ» አልኳቸው።

«ደህና ግባ። እሳቸው ተኝተዋል» አሉና ዘጉት።

ጠዋት ገበያ ወጣሁ፤ ባዶ እጄን መግባት አልፈለግሁም። ለሐጂ ውሃ ውስጥ የሚደረግ፣ ሶሉ ወፍራም፣ የማያንሸራትት የላስቲክ ጫማ ፈለግሁላቸው። ባለሱቁ ወሎዬ ነው፤ አፉ ማር ነው።

«ለራስህ ነው ወንድም ዓለም?»

«ለአንድ ትልቅ ሰው ነው። ከእኔ እግር አንድ ቁጥር ይበልጣሉ።»

«እንዲህ የሚያስብለት ሰው ያለው ታድሏል» አለና ሁለቱን ጫማ እርስ በርስ አጋጭቶ፣ ጠርጎ፣ በፌስታል ሰጠኝ።

የመርሳው ሚኒባስ ቶሎ ሞላ። ሲሪንቃ ላይ፣ የምርምር ጣቢያው የማሽላ ማሳዎች ትንንሽ ምልክት ተተክሎላቸው በተርታ ተዘርግተዋል። እዚያ ሊወርዱ የተነሡ አንድ ገበሬ በመስኮት ወደ ማሳዎቹ እያዩ፣ «እነሱ ቢያንስ ያለ ዝናብ የሚያፈራውን እየፈለጉልን ነው» አሉ። ከሲሪንቃ በታች ሜዳው ሰፋ። አገዳ በየቦታው ተከምሯል። ወደ መርሳ ሲቃረቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ብርቱካን በጆንያና ካሳ በሚሉት የእንጨት ሣጥን ተደርድሮ አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃል።

መርሳ

መርሳ ላይ ባጃጅ ያዝኩ። «የሐጂ ሰይድ እርሻ፤ ወደ ግራና መንገድ» ስለው ሾፌሩ አወቀው።

«ባለ ብርቱካኑ? ዘመድ ነህ?»

«ወዳጅ ነኝ። ከባሕር ዳር ነው የመጣሁት።»

«አላህ ያሽራቸው» አለ።

«ምን ሆኑ?»

በመስታወት አየኝ። ወዲያው ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «ቤት ይነግሩሃል» አለ።

ሐጂ ሰይድን ያገኘኋቸው ከቤታቸው ፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ጭናቸው ላይ ሽርጥ ጣል አድርገዋል። ፊታቸው ከስቷል፤ ጺማቸው ነጥቷል። ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«መጣህ! መምህር መጣ! ተነሥቼ ባለመቀበሌ አትቀየመኝ።»

ጎንበስ ብዬ አቀፍኳቸው። ሽርጡ ተንሸራተተ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ትንሽ ቁስል ነበረች» አሉ ሐጂ። «ስኳር ካለብህ ትንሽ የሚባል ቁስል የለም። ሆስፒታል ስደርስ ጠቁሯል። ኅዳር ውስጥ ቆረጡት።»

«እኔ እኮ ስንት ጊዜ ደወልኩ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር? ለመጠየቅ ትመጣለህ፤ ለመታከም ግን አትመጣም።»

ፌስታሉ እጄ ላይ እንዳለ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ልደብቀው ስል አዩኝ። «ምንድን ነው ያመጣህልኝ?» አሉ። ከመስጠት ሌላ ምን ላድርግ? ጫማዎቹን አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧቸው። የቀኙን አነሡ፣ ሶሉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። «ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው» አሉ። ከዚያ የግራውን አነሡና፣ «ይሄንንስ ለማን እንስጠው?» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እሳቸውም ሳቃቸው ብዙ አልሄደም።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ጅማት ዛሬም ያመኛል።»

«የቱ ጅማት?»

«የግራው፤ የዳነው። ድኖ ነበር እኮ፤ አንተ ምስክሬ ነህ። ደረጃውን ስወጣ አይተኸኛል። ከቆረጡት በኋላ ተመልሶ መጣ። እዚያው ቦታ፣ ያው ሕመም። ልዳብሰው እጄን እሰዳለሁ፤ የምይዘው አንሶላ ነው። ሐኪሙ እግሩ ቢሄድም ነርቩ አልረሳውም አለኝ።»

እትዬ ዘይነባ ወተትና የማሽላ እንጀራ በሽሮ ይዘው መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። «እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ፤ ግን ዓይኔን አላዩኝም።

ምንጩ

ከምሳ በኋላ ሐጂ በክራንቻቸው እየተደገፉ ቁልቁል ወሰዱኝ። በብርቱካን ዛፎቹ መካከል፣ ከድንጋይ ሥር የሚፈልቀውን ውሃ በጠፍጣፋ ድንጋይ አጥረው ገንዳ አድርገውታል። የሞላው እየተረፈ በቦይ ወደ ዛፎቹ ይሄዳል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የቆላው ፀሐይም አሙቆታል። ወለሉ በደረጃ ነው የተሠራው፤ በዚህ ጫፍ ደረት ድረስ፣ መሐሉ ላይ ወገብ ድረስ፣ በዚያ ጫፍ ጉልበት ድረስ። የሚያዝ አግዳሚ እንጨት ሳይቀር ዳር ለዳር ተበጅቶለታል። ባለሙያዋ የነገረችንን አንዲት ነገር አልረሱም።

«ግባ» አሉኝ፣ ጉቶ ላይ እየተቀመጡ።

ገባሁ። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ ያን የማውቀውን መቅለል አገኘሁት። ወደፊት ተራመድኩ፤ ወደኋላ ተራመድኩ። እንጨቱን ይዤ በጣቶቼ ቆምኩ።

«አወራረድህ ፈጠነ!» አሉ ከዳር። «ማንሳቱ አይደለም፣ ማውረዱ ነው ሥራው። ቀስ!»

ቀስ አልኩ። ፀሐይዋ በቅጠሎቹ መሐል ትወርዳለች። ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አብረውኝ የሚራመዱ ይመስላሉ። ቀኝ እግራቸውን አየሁት፤ ተረከዙን ከመሬት ያነሡታል፣ ያወርዱታል። በዚያን ቀን ከውሃው የወጣሁት ተረከዜ ቀሎት ነው፤ ሌላው ሁሉ ግን ከብዶኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ሰው ሊጠይቃቸው መጥቶ ቤት ውስጥ ሳሉ እትዬ ዘይነባን በረንዳው ላይ አገኘኋቸው፤ ብርቱካን ከካሳ ወደ ካሳ እያስተካከሉ የበሰበሰውን ይለያሉ። ቁጭ ብዬ ማገዝ ጀመርኩ። ቁስሉ ከምን እንደመጣ ጠየቅኋቸው።

እጃቸው ቆመ። «አልነገሩህም?»

«ትንሽ ቁስል ነበረች ብቻ ነው ያሉኝ።»

«ድንጋይ ቆርጧቸው ነው፤ ያንን ገንዳ ሲቆፍሩ። ጫማ ያድርጉ ብላቸው ጭቃው ጫማውን ይውጠዋል አሉኝ። እግራቸው ስሜት የለውም። ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ምንጣፉ ላይ። በነጋታው በጨርቅ አስረው ተመልሰው ገቡ። አይሆንም ስላቸው፣ ‹መምህሩ ረጅም ነው፤ ለእሱ ደረቱ ድረስ ካልሆነ አያድነውም፤ ትንሽ ጥልቀት ቀርቶኛል› አሉ።»

ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ። ተንከባሎ ሄዶ ግድግዳው ጋ ቆመ።

«በአንተ አልፈርድም» አሉ እትዬ ዘይነባ። ያኔ ነው መጀመሪያ ዓይኔን ያዩኝ። «መከራውን አንተ ጠርተህ አላመጣኸውም። ግን ልዋሽህም አልችልም። ከባጃጁ በሁለት እግርህ ስትወርድ ሳይህ ልቤ ደነደነብህ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ፤ ራሴን በእጃቸው ነካ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ።

ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። ሐጂ በክራንች እየተራመዱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ቦርሳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ነገረችህ።»

«ሐጂ፣ ከእንግዲህ እዚያ ውሃ ውስጥ አልገባም። አልችልም።»

«ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው። ድንጋዩን አንተ አላስቀመጥከው።» ትንሽ ተነፈሱ። «ከሄድክ ግን እግሬ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። እንዲያ አታድርገኝ።»

እንግዲህ ገባሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከተባለ በኋላ ሰው ምን ያደርጋል? ደረት ድረስ ባለው ውሃ ውስጥ፣ ጀርባዬን ለሐጂ ሰጥቼ፣ ወዲያ ወዲህ እየተመላለስኩ አለቀስኩ። ሐጂም ያወቁ ይመስለኛል፤ አካሄዴን አላረሙም።

ሐጂ ሲገቡ

ሦስተኛው ቀን ላይ ሐጂ ከጉቶው ላይ ሆነው፣ «እኔስ?» አሉ። የምር መሆናቸውን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

እትዬ ዘይነባ ሲሰሙ ጮኹ። «አንቱ ሰውዬ፣ ሁለተኛውንም ሊሰጡት ነው?»

«መቆም አምሮኝ ነው፣ ዘይነባ። እንደ ሰው መቆም።»

ያን ቀን ንግግሩ በዚህ ቆመ። በማግስቱ መርሳ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ የተቆረጠውን ቦታ አገላብጣ አየችው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ገጥሟል፤ ቀኝ እግራቸው ጫማ ካደረገ፣ ብዙ ካልቆዩ፣ ሲወጡም በደንብ ከደረቁ ግድ የለም አለች። ቤት እንደተመለስን እትዬ ዘይነባ ቁልቁል ወደ ምንጩ ወረዱ። ተከትዬ ሄጄ ያየሁትን ልናገር።

ከነቀሚሳቸው ውሃው ውስጥ ገብተው፣ እንደ ዓይነ ስውር የገንዳውን ወለል በመዳፋቸው ይዳስሱ ነበር። ውሃው ጥልቅ በሆነበት ትንፋሻቸውን ይዘው ይጎነበሳሉ፤ ሻሻቸው ሳይቀር ይሰጥማል። ሹል የመሰላቸውን ድንጋይ ሁሉ እያወጡ ወደ ዳር ይወረውራሉ። ላግዛቸው ስል፣ «ተው፤ እኔ ነኝ የማደርገው» አሉኝ። ሲወጡ ጣቶቻቸው ተጨማደው፣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር።

ከዚያ ሐጂን ከጉልበት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ደረት፣ እኔ በአንድ በኩል፣ ባለቤታቸው በሌላው ደግፈን አስገባናቸው። ቀኝ እግራቸው ላይ የወልድያው ጫማ አለ። ደረት ድረስ ያለው ውሃ ጋ ስንደርስ ሐጂ ክንዳቸውን ከእኔ አላቀቁ። ከባለቤታቸውም አላቀቁ። በአንድ እግራቸው፣ እጃቸውን ውሃው ላይ ዘርግተው ቆሙ።

«ቆምኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ዘይነባ፣ ቆምኩ እኮ!»

እትዬ ዘይነባ አፋቸውን በእርጥብ ሻሻቸው ያዙ።

«ጅማቱስ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ሩቅ ያለ ድምፅ የሚሰሙ ይመስል ነበር። «ዝም ብሏል» አሉ። «ሱብሃን አላህ። ዝም ብሏል።»

ወደፊት በአንድ እግራቸው ዘለል እያሉ፣ ውሃው ይዟቸው፣ እስከ አግዳሚው እንጨት ደረሱ። ጎን ለጎን ሆነን ተረከዛችንን አነሣን፤ እኔ ሁለት፣ እሳቸው አንድ። ስለ ባሕር ዳር አወሩ። ነርሷ ብዙ አትቆዩ ብላለች ብንላቸው፣ «ትንሽ» ይሉናል። ቆይተን «ይበቃል» ስንላቸው፣ «ትንሽ፣ በአላህ» አሉ። ከንፈራቸው ሲገረጣ ግን እትዬ ዘይነባ እምቢ አሉ።

ስናወጣቸው የሆነውን እስካሁን ክንዴ ያስታውሰዋል። ውሃው ከደረታቸው ወደ ወገባቸው ሲወርድ ትንሽ ከበዱን። ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ደግሞ በጣም ከበዱን። ዳር ስንደርስ ሁለመናቸው በእኛ ላይ ወደቀ። ጉቶው ላይ አስቀምጠን እያደረቅናቸው ሳለ ፊታቸው ተኮማተረ፤ እጃቸው ወደ ግራ ወርዶ ባዶውን ቦታ ጨበጠ።

«መጣ» አሉ። ፎጣውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እትዬ ዘይነባ መሬት ላይ ተቀመጡና እግሩ ይኖርበት በነበረው ቦታ እጃቸውን አስገብተው፣ አየሩን፣ እግሩ ያለ ይመስል ማሸት ጀመሩ።

መመለስ

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ገባን። እኔ ከደረት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት ተሻገርኩ፤ ሐጂ ደረት ድረስ ካለው ውሃ መውጣት አይወዱም። ውሃው ውስጥ ሕመሙ ዝም ይላል፣ ሲወጡ ይመለሳል። ያ እፎይታ አንድም ቀን ውጭ ድረስ አልሸኛቸውም።

የመሄጃዬ ቀን እትዬ ዘይነባ ብርቱካን በካርቶን አዘጋጅተው ሰጡኝ። ወደ መንገዱ ሲሸኙኝ፣ «አንተ ስትሄድ እንግዲህ አይገቡም» አሉኝ።

«ለምን? ይዘው የሚያስገቡ ጎረቤት የለም?»

«አሉ። ግን ሰው ፊት እንዲያ መሆን አይወዱም። አንተ ፊት ነው የማያፍሩት። እኔ ብቻዬን ደግሞ ላወጣቸው አልችልም።»

«ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ» አልኩ ከልቤ።

«ክረምትማ ምንጩ ይደፈርሳል» አሉ። ሊከለክሉኝ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የነገሩኝ። ከዚያ እጄን ሳብ አድርገው ሳሙት። «ሂድ፤ ልቤ ለቆሃል» አሉኝ።

ሐጂ ከማንጎው ሥር ሆነው እጃቸውን አውለበለቡ። ባጃጁ ዞር እስኪል ድረስ ፊታቸውን ከመንገዱ አላዞሩም።

ወልድያ አደርኩ፤ ድልብን ሽቅብ ወጣሁ፤ ጋሸና ላይ ጋቢዬን መልሼ ለበስኩ። በዚያ ረጅም መንገድ ያሰብኩትን በጥቂት ቃል ብጽፈው ይህ ነው። ውሃ ሸክም አይወስድም፤ አብሮ ይይዛል እንጂ። ስትወጣ የራስህን ለራስህ ይመልስልሃል። እኔ ያን እንዳውቅ ሌላ ሰው የከፈለው ዋጋ ከእኔ ሕመም ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ የሚመልሰውም የለም። የምችለው ይኸው መንገዱ ሲከፈት መሄድ ነው።

ባሕር ዳር ስገባ መሽቶ ነበር። የቤቴ ግቢ በር ላይ ሆኜ መግባቴን ልነግራቸው ደወልኩ።

«ደህና ገባህ?» አሉ ሐጂ። «ተረከዝህስ? መንገዱ አልጎዳውም?»

መዋሸት አሰኝቶኝ ነበር። «ትንሽ ያመኛል» ብል የሚቀልላቸው መሰለኝ። ግን እግራቸውን የሰጡበት ነገር ነው፤ እንዴት እዋሻለሁ?

«አያመኝም፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ጨርሶ አያመኝም።»

ከጀርባቸው እትዬ ዘይነባ የሆነ ነገር ሲሉ ይሰማል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «እንግዲያው ከሁለታችን አንዱ ዳነ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ካርቶኑን ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ። አላነከስኩም። እንደዚያን ቀን ጤና ከብዶኝ አያውቅም።